ከሞባይላችን ጀርባ የተለጠፈው ነገር ይጠብቀናልን?



 

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምንነጋገረው በየቤቱ ስለገባ አንድ ወሬ ነው። ከሞባይል ጀርባ የምትለጠፍ ብልጭልጭ ነገር አለች። ሻጮቿ «የስልኩን ጨረር ትመጥጣለች» ይሏታል። ከኮምፒዩተር አጠገብ ቁልቋል የሚያስቀምጡ፣ ጨረር ይመልሳል የተባለ ጌጥ ከልጆቻቸው አንገት የሚያንጠለጥሉም አሉ። እነዚህ ነገሮች በእርግጥ ይከላከላሉን?

በመጀመሪያ፣ ጨረር ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን እንወቅ። ሐኪም ቤት የምንነሳው ራጅ የሰውነታችንን ሕዋሳት ሊጎዳ የሚችል ብርቱ ጨረር ስላለው በልክ ይሰጣል። ሞባይል የሚልከው ግን የራዲዮ ሞገድ ነው። ድምፃችንን ወደ ቤታችሁ ያደረሰውም የዚሁ ዘር ነው። እንደ ራጅ ያለ ጉልበት የለውም፤ በደንብ የታወቀው ውጤቱ ሰውነትን በጥቂቱ ማሞቅ ነው።

«ታዲያ ካንሰር ያመጣል የተባለውስ?» ትሉን ይሆናል። በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። ኋላ ላይ የሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም በዚያው ተርታ ገብቷል። ምድቡ ማስረጃው ውስን መሆኑን የሚያሳይ እንጂ ፍርድ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ያስጠናውና 63 ጥናቶችን የመረመረው ሥራ በሞባይልና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

አሁን ወደ ተለጣፊዋ እንመለስ። ሞባይል ከአንቴናው ማማ ጋር የሚነጋገረው በዚሁ ሞገድ ነው። ተለጣፊዋ በእርግጥ ሞገዱን ብትውጠው ኖሮ ስልኩ ባልጠራ፣ ድምፅም ባልተሰማ ነበር። ስልኩ እንደ ድሮው ከጠራ ሞገዱ እየወጣ ነው ማለት ነው። በከፊል ብትከልለው ደግሞ ስልኩ ማማው ጋር ለመድረስ ኃይሉን ይጨምራል፤ ልንሸሸው ያሰብነውን ራሳችን አበዛነው ማለት ነው። ቁልቋሉም ያው ነው። ከፋኖስ ጎን ሲኒ ቢቀመጥ የቤቱን ብርሃን ወደ ራሱ ይስባልን?

የአሜሪካ የንግድ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ መከላከያዎችን የሸጡ ሁለት ኩባንያዎችን በሐሰት ማስታወቂያ ከሷል። ሞገዱ ከስልኩ ሁለንተና ስለሚወጣ አንዱን ጥግ መሸፈን ዋጋ የለውም ሲልም ለሕዝብ አስረድቷል።

ከዚህ የከፋም አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የኔዘርላንድስ የኒውክሌር ደኅንነት ባለሥልጣን ከሞባይል ሞገድ ይጠብቃሉ ተብለው የተሸጡ አሥር ዕቃዎችን መርምሮ ሁሉም ራሳቸው ጎጂውን ዓይነት ጨረር የሚያወጡ ሆነው አገኛቸው። ከእነርሱ መካከል ለሕፃናት የተሠራ አምባር ነበረበት። መሥሪያ ቤቱም ለረጅም ጊዜ ከሰውነት ጋር ከቆዩ ሊጎዱ ስለሚችሉ ሰዎች እንዳያደርጓቸው አስጠነቀቀ። እናት ልጇን ካልነበረ አደጋ ልታድን ብላ እውነተኛውን አደጋ በገዛ እጇ አሰረችለት! ሱብሓነላህ!

እህቶችና ወንድሞች! ክታብ አታንጠልጥሉ እያልን ስንመክር ኖረን፣ ሳይንስ የሚል ስም ስለተለጠፈበት ብቻ ሌላ ክታብ መግዛት አለብን? ሰበብ ማድረስ ዲናችን ያዘዘን ነው፤ ነገር ግን ሰበቡ እውነተኛ ይሁን። ግመሉን የሚያስር ሰው በገመድ እንጂ በገመድ ሥዕል አያስርም። ነጋዴዎቻችንም እርጥቡን እህል ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ያደረገውን ነጋዴ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዴት እንደገሠጹት ያስታውሱ። የማይሠራ መከላከያ መሸጥም ከዚያ የተለየ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚሻ ሰው ምን ያድርግ? መንገዱ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከሞገዱ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ረጅም ወሬ ካለን በድምፅ ማጉያው ወይም በጆሮ ማዳመጫ እናውራ። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልኩ ብዙ ኃይል ስለሚያወጣ ንግግራችንን እናሳጥር። ስልክ በትራስ ሥር ሆኖ ቻርጅ አይደረግ፤ ሙቀቱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ልጆች ተለጣፊዋን ተማምነው እስከ እኩለ ሌሊት ስክሪን ላይ እንዳያፈጡ እንቆጣጠር፤ እንቅልፋቸውን የሚሰርቀውን ተለጣፊ አያስቆመውም። መኪና እየነዱ በስልክ ማውራት ደግሞ ነፍስ የሚያጠፋ የታወቀ አደጋ ነው።

ለተለጣፊዋ የምናወጣውን ብር ለልጆቻችን ደብተር እናድርገው።