ቁጥር ያለው ደብዳቤ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሦስት አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



ኮሚቴው «እናንተ የኮምፒውተር ልጆች፣ የድልድዩን ነገር ከሥራችሁ ጋር አያይዛችሁ ንገሩን» ሲለን ሦስታችንም ተያየን። ድልድዩ የእኛ ብቻ ሥራ አይደለማ! ግን ከእናንተ የተማርነውን መልሰን ለእናንተ ብንነግር ነውር የለውም ብለን መጣን።

መጀመሪያ ሥራችን ምን እንደሆነ እንናገር። ስልክ ሲበላሽባችሁ ወደ እኛ ታመጣላችሁ፤ ስታምኑን ደስ ይለናል፣ ግን ጥገና አንችልም። ከመካከላችን አንዷ ፕሮግራም ትጽፋለች። አንዷ የተጻፈው ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ትፈትሻለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ተጠቃሚ «አልሠራልኝም» ብሎ ሲደውል ታነጋግራለች። በስልካችሁ ገንዘብ ልካችሁ «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ ለምን እንዳልተሳካ ከጀርባ ሆኖ የሚፈልግ ሰው አለ። የእኛ ሥራ እንደዚያ ያለ ነው።

ቀናችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። ምሳ እንቋጥራለን፤ ልጅ ያላት ልጇን ለአያት ታስረክባለች፤ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ነው። ከዚህ ጀሞ፣ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከዚያም ቢሮ። ማታ ስንመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። መብራት ካለ እሰየው፤ ከሌለ የቀረውን ሥራ ላፕቶፑ ባትሪ እስኪጨርስ እንሠራለን።

አንድ ነገር እንናዘዝ። ሦስታችንም ፖለቲካ እንወዳለን። ታክሲ ውስጥ ስልካችንን ከፍተን የፓርላማውን ክርክር፣ የአሜሪካንን ምርጫ፣ የማንን ሹመት ሳናነብ አንውልም። ስለ ፓርቲዎች ጠይቁን፣ እንተነትናለን። የወረዳችን ጽሕፈት ቤት ግን ባለጉዳይ የሚያስተናግደው በየትኛው ቀን እንደሆነ አናውቅም ነበር። የሩቁን አገር ምክር ቤት እናውቃለን፣ የበራችንን አናውቅም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የምንኖርበት ቦታ ነው። ፉሪ የሚኖር ሰው ልቡ ሁለት ቦታ ነው። እንጀራችን አዲስ አበባ ነው፤ ቤታችን ኦሮሚያ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች በወሰኑ ላይ ተስማሙ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተጠቃልለው የሸገር ከተማ ሆኑ። በሰበታ ሥር የነበረችው ፉሪያችንም ክፍለ ከተማ ተባለች። ማኅተሙ ተቀየረ፣ ቢሮው ተቀየረ፣ የምናውቀው ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። «ጉዳዬን የያዘው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ አንድ ጉዳይ ሆነ።

ድልድዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሰፈራችን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው፣ ወንዙ ላይ የተጋደመው እንጨት ነው። ያለፈው ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ልጆቻችን ዩኒፎርማቸውን ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሻገሩ። ነፍሰ ጡሯ አባላችን ቀጠሮዋን የቀረችው በዚያ ምክንያት ነው። በየሕዝብ ውይይቱ እየተነሳን ተናገርን፤ «ይታያል» ተባልን፤ አጨበጨብን፤ ተበተንን። የተናገረችው ትዝ ይላታል፣ የሰማው ግን ይረሳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይኼንን ነው።

እኛም አዋቂ ነን ብለን ገባንበት፤ የመጀመሪያው ሥራችንም ጥፋት ሆነ። ይኼንን ሳንደብቅ እንንገራችሁ።

በአንድ ቅዳሜ ማታ የኤክሴል ሰንጠረዥ አዘጋጀን። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ቤት ለቤት ዞረን ሞላን፤ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ቡድናችን ለቀቅነው። «አየህ ሥራ!» ብለን ተደሰትን። በማግስቱ ማታ ከአባሎቻችን አንዷ፣ እናታችን የምትሆን ሴት፣ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። አልተቀመጠችም። «ልጆቼ፣ የኔን ስም አጥፉልኝ። ቤቴ ካርታ የለውም። ስለ ድልድይ ስጠይቅ ስለ ቤቴ ብጠየቅስ?» አለችን።

የምንለው ጠፋን። በዙሪያችን ቤት ሲፈርስ አይተናል፤ ፍርሃቷ ከባዶ የመጣ አይደለም። ወዲያው ፎቶውን አጠፋነው። ግን እኛ በሥራችን እንደምናውቀው፣ አንዴ የተላከ ነገር ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ከእኛ ስልክ ቢጠፋም ከሌላው ስልክ አልጠፋ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ ለተፈለገበት ዓላማ ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ሰብስቡ ይላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይኼንን ስልጠና ወስደናል። ለእናቶቻችን ስንሆን ግን ረሳነው። ለድልድይ የማን ቤት ቁጥር ያስፈልጋል? የማንም! በዚህ ስብሰባ ፊት ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም እንጠይቃታለን። ስሟን ሳንጠራ እንድንናገር የፈቀደችልንም እሷው ናት።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን አሰብን። በሥራ ቦታችን አንድ ብልሽት ሲመጣ ምን እናደርጋለን? «ቲኬት» እንከፍታለን። ቲኬት ማለት ብልሽቱ የሚመዘገብበት ወረቀት በሉት። ቁጥር አለው። መቼ ተነገረ፣ ምን ተበላሸ፣ ማንን ጎዳ፣ ማን እጅ ላይ ነው፣ ቀጠሮው መቼ ነው የሚል ይጻፍበታል። የሚዘጋው ደግሞ ሠሪው «ጨርሻለሁ» ስላለ አይደለም፤ ያመለከተው ሰው «አዎ፣ ሠራልኝ» ሲል ነው።

ይኼንን ለኮሚቴው ስናስረዳ የዕቁባችን ጸሐፊ ሳቀችብን። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰላችሁ?» አለችን። እውነቷን ነው። ማን ጣለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ደረሰ፣ ማን ዋስ ሆነ፤ ሁሉም ቀን አለው፣ ሁሉም ፊርማ አለው። የዕድራችንም መዝገብ እንደዚሁ ነው። እኛ በትምህርት ቤት ያገኘነውን እናንተ በማኅበር ስትሠሩበት ኖራችኋል።

እናም ሥራውን ተከፋፈልን። ደብዳቤው በሰዎች ስም ሳይሆን በማኅበራችን ስምና ማኅተም ይሁን ተባለ። የቢሮው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ከእኛ የተሻለ የምትጽፈው እህታችን በአፋን ኦሮሞ ጻፈችው። ማስረጃ ግን ያስፈልግ ነበር። «ብዙ ሰው ተቸግሯል» ቢባል ብዙ ማለት ስንት ነው?

ያቺው ስሜን አጥፉልኝ ያለችን እናት መልሱን አመጣች። ጎመንና ድንች የምትሸጠው መሻገሪያው አጠገብ ነው። አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ሰው በተሻገረ ቁጥር አንድ የሽምብራ ፍሬ ኩባያ ውስጥ ጣለች፤ ለልጅ በሌላ ኩባያ። ማታ አብረን ቆጠርነው፤ ሁለቱ ኩባያዎች ከሦስት መቶ በላይ ፍሬ ይዘው ነበር፣ ከግማሽ የሚበልጠው የልጅ። ስም የለበትም፣ ስልክ የለበትም፣ የቤት ቁጥር የለበትም። ከእኛ ሰንጠረዥ የእሷ ሽምብራ በለጠ።

ደብዳቤውን ያስገባነው እኛ አይደለንም። ቢሮው ሲከፈት እኛ ታክሲ ውስጥ ነን፤ ሲዘጋም ሥራ ላይ ነን። ያስገቡት ሁለት እናቶች ናቸው። መዝገብ ቤት ሄደው፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈው፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትተው ተመለሱ። ያ ቁጥር ነው ነገሩን የለወጠው። በሳምንቱ ሲሄዱ «ስለ ድልድዩ ነበር» አላሉም፤ «የዚህ ቁጥር ደብዳቤ የት ደረሰ?» አሉ። ሠራተኛው መዝገብ ገለጠ። ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል ተባለ፤ የክፍሉን ስምና ቀኑን ደብተራችን ላይ ጻፍን። አምስት ጊዜ ተሄደ። በአራተኛው «የዘንድሮ በጀት ተይዟል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ነው» ተባልን።

እዚህ ላይ ሌላ ትምህርት አገኘን። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። እኛ ደግሞ ጩኸታችንን የምናሰማው ክረምት ሲገባ፣ ጎርፍ ሲመጣ ነው፤ ዕቅዱ ካለቀ በኋላ! የዓመቱን ድግስ የሚደግስ ሰው በዋዜማው ጌሾ ፍለጋ አይወጣም።

እኛም «እሺ፣ ለሚቀጥለው ዓመት መያዙን በጽሑፍ ይንገሩን» አልን። ይኼ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 30 ደግሞ አቤቱታ የማቅረብን መብት ይሰጣል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችልና መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። መጻፍ የማትችል ሴት በቃል ብትጠይቅ፣ ጥያቄዋን በጽሑፍ የማስፈሩ ግዴታ የሠራተኛው ነው። ይኼንን ለእናቶቻችን ስናነብላቸው አንዷ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልን?» አለች።

ዝም ያልነውማ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ስላደግን ነው። ግን ቀበሌ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ታስታውሳላችሁ? በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ፣ የተቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ነበር። ማኅበር! በኋላ የሆነውን ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ፤ ቢሮ ሆነ፣ የሚፈራ ሆነ። ስሙ ሲጀመር ግን እንደ እኛ ማኅበር ነበር። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት አባላትን የመረጥነው ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የምርጫ ካርድ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ በምትባል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ፣ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የከተማው ገንዘብ በቅድሚያ ምን ላይ ይዋል የሚለውን በድምፅ ይወስኑ ነበር። ከሚያነሷቸው ጉዳዮች መካከል ውኃ፣ የፍሳሽ መስመርና የሰፈር መንገድ ነበሩበት። እኛ ከምናነሳው የተለየ አይደለም።

አሁን መጨረሻውን እንንገራችሁ፤ አናጋንንም። የጽሑፉ መልስ መጣ። ቢሮው ቱቦና ሲሚንቶ አቀረበ፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን ሰፈራችን አዋጣ። በታኅሣሥ ልጆቻችን ጫማቸውን አድርገው ተሻገሩ። በዚያው ደብዳቤ የጠየቅነው የመንገድ መብራት ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ማታ ከታክሲ ስንወርድ አሁንም በስልካችን ብርሃን ነው የምንሻገረው። ስለዚህ ደብተራችን ላይ የድልድዩን ቁጥር ዘግተናል፤ የመብራቱ ክፍት ነው።

ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ማኅበራችን አንድ የሰፈር ጉዳይ ደብተር ይኑረው፤ ከዕቁቡ መዝገብ አጠገብ ይቀመጥ። ማንኛዋም አባል ያየችውን ችግር ታስጽፍ፤ ቁጥር ይሰጠው፣ ተከታታይ ይመደብለት። ሁለተኛ፣ ጥንድ ሆነን እንሥራ። እኛ ማታ እንጽፋለን፣ ሕጉን እንፈልጋለን፤ ቀን ቤት የምትውሉ ደግሞ ለመዝገብ ቤት ታደርሳላችሁ። ጥያቄያችንም ጥር ላይ ይግባ፣ ሐምሌን አይጠብቅ። ሦስተኛ፣ የማንም ስም፣ ስልክና ፎቶ ባለቤቷ ሳትፈቅድ ከዚህ ቤት አይውጣ። ሽምብራ አለን።

እኛም አሁን ታክሲ ውስጥ ስልካችንን ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው የማኅበራችንን መልእክት ነው፤ «ዛሬ ስለ መብራቱ ማን ሄደች? ምን ተባለች?» የሚለውን። የአሜሪካንን ምርጫ ከዚያ በኋላ እናነባለን።

የሚቀጥለው ማክሰኞ የመብራቱ ቀጠሮ ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እጅ የምታወጣ አለች?