ትንሽ ትራክተር ለመግዛት ሲታሰብ ስለ ማርሽ አመራረጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ፥ ስለ ትምህርት ጥቅም ይናገራል ብለው የጠበቁ ነበሩ። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ ትራክተር ማርሽ መናገርን ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። አጎቴና ስድስት ጎረቤቶቻቸው ከገብሳቸውና ከድንቻቸው ሽያጭ ገንዘብ አዋጥተው፥ የጐደለውንም ተበድረው፥ አንዲት ትንሽ ትራክተር በማኅበር ለመግዛት ተስማምተዋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ ገብቶ እንደሚያርስ፥ እነርሱም በብረት መቀናጆ ሊገቡ አሰቡ ማለት ነው። ነጋዴው ዘንድ በሄዱ ጊዜ ግን «ባለ ማርሿን ትፈልጋላችሁ ወይስ በዘይት የምትሄደዋን?» ተብለው ተጠየቁ። የሚመልሱት ጠፋቸውና ተመልሰው መጥተው፥ «አንተ ልጅ፥ ፊዚክስ ተምረሃል ይባላል፤ እስቲ አስረዳን» አሉኝ። እኔም በዚያን ዕለት አላውቅም ነበርና አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ መካኒኮችን ጠይቄ፥ መጽሐፍም አገላብጬ የደረስሁበትን ነው ዛሬ የማቀርብላችሁ።

ሞተር በፍጥነት የሚዞር ነገር ነው። የትራክተር ጎማ ግን በእርሻ ላይ ቀስ ብሎ በብርቱ ጉልበት መዞር አለበት። በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ፍጥነቱን የሚቀንስ፥ ጉልበቱንም የሚያበዛ ክፍል ካምቢዮ ይባላል። ነጋዴው የጠየቃቸውም ስለዚሁ ክፍል ነው።

በጥርስ ማርሽ የምትሠራዋ ትራክተር እንደ መኪና ናት። ፍሪሲዮኑ በግራ እግር ይረገጣል፥ ማርሹ ይገባል፥ ፍሪሲዮኑም ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። የዚህችው እኅት የሆነች ሸትል የምትባል አለች፤ እርሷም በመሪው አጠገብ አንዲት እጀታ አላት። የገባው ማርሽ ሳይለወጥ በዚያች እጀታ ብቻ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ትሄዳለች። ሃይድሮስታቲክ በሚባለው ዐይነት ግን ሞተሩ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በኃይል ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት ደግሞ ሌላ የዘይት ሞተር አዙሮ ጎማውን ያንቀሳቅሳል። ነጂው ፔዳሉን ጠለቅ አድርጎ ሲረግጥ ትፈጥናለች፤ ቀለል ሲያደርገው ትዘገያለች። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ኢንተርናሽናል ሐርቬስተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ 656 በተባለው ትራክተሩ ላይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 አውጥቶት ነበር።

በዚያው በ1967 በአገራችን በጭላሎ አውራጃ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በዚያ አካባቢ ባለ ርስቶች ትራክተር ባስገቡ ጊዜ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተነሡ። ይህን ከነገሬ ወጣ ብዬ ያነሣሁት፥ ትራክተሯ የማን ናት የሚለው ጥያቄ ከማርሹ የሚቀድም ስለ ሆነ ነው። አጎቴና ጎረቤቶቻቸው በማኅበር ለመግዛት ማሰባቸውን የምወደውም ስለዚህ ነው።

በዘይት የምትሄደዋን ላማት አልፈልግም። ሣር ለሚያጭድ፥ አፈር በአካፋ እያነሣ ለሚጭን፥ በየደቂቃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለሚመላለስ ሰው እጅግ ትመቻለች። መንዳትን ያልለመደ ሰውም ቶሎ ይማራታል። አጎቴም የወደዷት በዚህ ነበር። ነገር ግን አገራችን ሜዳ አይደለችም።

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ያጣል ይባላል። እንግዲህ በወረቀት ላይ 25 የፈረስ ጉልበት የተጻፈባት ትራክተር ንፋስ መውጫ ስትደርስ ከ18 የማትበልጥ ሆነች ማለት ነው። ከዚህም ላይ ካምቢዮው የራሱን ቀረጥ ይወስዳል። የጥርስ ማርሽ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ሲያባክን፥ የዘይቱ ከ20 እስከ 30 እጅ በሙቀት መልክ ያባክናል። ስለዚህ ከ18ቱ በአንዷ 15 ያህል ጎማው ዘንድ ይደርሳል፤ በሌላዪቱ ግን 13 ብቻ። ለሣር ማጨጃ ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም፤ በክረምት መግቢያ ላይ ድንጋያማውን የገብስ ማሳ ለሚገለብጥ ሰው ግን ይሰማዋል። ቀኑን ሙሉ ከባድ ማረሻ ሲጐተት ዘይቱም እየጋለ ይሄዳል።

ስለ ቁልቁለት ደግሞ ልናገር። በጥርስ ማርሽ ስንወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆነናል። ነገር ግን ነጂው ደንግጦ ፍሪሲዮኑን የረገጠ እንደ ሆነ ትራክተሯ ከሞተሩ ተለያይታ ትለቀቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገደሉ ነው። ስለዚህ አፋፉ ላይ ቆሞ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቶ መውረድ እንጂ፥ ቁልቁለቱ መካከል ማርሽ መለወጥ አይገባም። በዘይት የምትሄደዋ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ራሷን ትይዛለች፤ ይህን መካድ አልችልም። በዳገትም ቢሆን ባለ ፍሪሲዮኗ የራሷ አደጋ አለባት፤ ፍሪሲዮኑ በድንገት ከተለቀቀ የፊት ጎማዎቿ ተነሥተው ወደ ኋላ ልትገለበጥ ትችላለች። የትኛዪቱም ብትገዛ፥ ከነጂው በላይ የብረት ቅስት፥ በወንበሩም ላይ ቀበቶ የሌላት ትራክተር በጨጨሆ ወይም በበሽሎ አፋፍ አካባቢ ስትሄድ ማየት አልፈልግም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፥ አሳቤን የቈረጠው የጥገናው ነገር ነው። በየከተማችን የአይሱዙ ካምቢዮ ፈትቶ የገጠመ፥ የፍሪሲዮን ሸራ የለወጠ ሰው አይጠፋም። የሃይድሮስታቲክን ፓምፕ የፈታ ሰው ግን ብጠይቅ አላገኘሁም። ያ ፓምፕ የዓይን ብሌን ያህል ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ተገቢው ዘይት፥ ንጹሕ ፊልትሮ ያስፈልገዋል። በመውቂያ ወራት በዐውድማ አጠገብ፥ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ዘይት የሚለውጥ ሰው ከዘይቱ ጋራ አሸዋ እንዳይጨምርበት እፈራለሁ። ፊልትሮው ባለቀ ጊዜም ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ባሕር ዳር፥ ምናልባትም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ነው። የእርሻ ወራት ደግሞ ሰው ፊልትሮ ፍለጋ ሄደ ብሎ አይጠብቅም፤ ብድሩም አይጠብቅም። ባትሪ የደከመ እንደ ሆነ ተራ ፍሪሲዮን ያላት ትራክተር በጥንቃቄ ተገፍታ ልትነሣ ትችላለች፤ በዘይት የምትሄደዋ ግን በመግፋት አትነሣም።

እንግዲህ ለአጎቴ የነገርኋቸው ይህን ነው፤ ባለ ጥርስ ማርሿን ይግዙ፤ ገንዘቡ ከበቃም ሸትል ያላትን። ማሳችን ጠባብ፥ በእርከን የተከፋፈለ ስለ ሆነ በየጫፉ ወደ ኋላ መመለስ ይበዛልና። ከሁሉ በላይ ግን ዝቅተኛው ማርሽ በእርግጥ ዝቅተኛ መሆኑን ይዩ፤ በሬ ከሚሄደው የማትፈጥንበት ማርሽ ከሌላት ለድንጋያማ መሬት አትሆንም። ደግሞም ፍሪሲዮኑ ባለ ሁለት ደረጃ መሆኑን ይጠይቁ። ከትራክተሯ ኋላ ኃይል እያቀበለ የመውቂያ መኪና የሚያዞር ዘንግ አለ፤ ፍሪሲዮኑ አንድ ደረጃ ብቻ ከሆነ ትራክተሯን ለማቆም በተረገጠ ቊጥር ዘንጉም ይቆማል።

አጎቴ ሰምተውኝ ሲያበቁ፥ «የማሳው መንገድ ጠባብ ለሆነበትስ ሰው?» አሉ። መልካም ጥያቄ ነው። ሰው ከኋላዋ እየተከተለ የሚነዳት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር አለች። ኃይሏን ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ በቺንጋ ተቀብላ በጥርስ ማርሽ ለጎማው ታስተላልፋለች፤ ቺንጋው ቢበጠስ መለወጡ ቀላል ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የተጀመረው ፋካሲ የተባለው ፕሮጀክት በኢትዮጵያ፥ በኬንያ፥ በታንዛንያና በዚምባብዌ እንዲህ ያሉትን ትራክተሮች ለትንንሽ ገበሬዎች ሞክሯል። ክብደቷ ቀላል ስለ ሆነ ግን ጽኑ መሬት ለመገልበጥ ትደክማለች፤ ለመዝራት፥ ለመውቃትና ለመጫን ትሻላለች። ከሰባቱ አባሎች ሁለቱ አሁንም ይህችን ይመርጣሉ፤ ክርክሩ አላበቃም።

ሰባቱም በሚመጣው ወር እንደ ገና ወደ ነጋዴው ይሄዳሉ፤ እኔንም አብረህ ና ብለውኛል። ነጋዴው በደልዳላ ግቢ ውስጥ ነድቶ ቢያሳየን አንቀበልም፤ ማረሻ ጐትታ ዳገት ላይ ስትቆምና እንደ ገና ስትነሣ ካላየን ገንዘቡ ከመቀነት አይፈታም። ለመግዛት የምታስቡ አባቶች ካላችሁ፥ የምንጠይቀውን ጥያቄ በወረቀት ጽፌዋለሁና ከበዓሉ በኋላ ከባሕር ዛፉ ሥር ታገኙኛላችሁ።