በእርግዝና ወራት ቁርኣን ስለ ማዳመጥ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ስለ ቁጠባው ገንዘብ ያዣችን ትነግራችኋለች። እኛ የምንናገረው በየወሩ ቡና ላይ ሲነሳ ስለከረመው ነገር ነው፤ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ቁርኣን ሲቀራ እየሰሙ ስለሚያገኙት እረፍት።

እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሴቶች ነን። በዚህ አገር ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። መካነ ኢየሱስ ወይም ነፋስ መውጫ ከተማ የምትኖረው አዛን ትሰማለች፤ ገጠር የተዳረችው ግን የምታውቀውን ድምፅ ሳትሰማ ወራት ታሳልፋለች። የመጀመሪያዋን ስታረግዝ እናቷ ሩቅ ናት፤ ባሏ ለአጨዳ ወደ መተማ ወርዷል። እርጉዝ ሴት አንድ እግሯ መቃብር ነው ሲባል እየሰማች አድጋለች፤ ሌሊት እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

እንዲህ ያለችው እህት ማታ ስልኳን ከፍታ ቂራአት ስታዳምጥ ትንፋሿ ይረጋል። ቃሪው ረጅሙን አንቀጽ በአንድ ትንፋሽ ይስባል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል፤ የሚሰማውም ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ያስረዝማል። አብራ የምትቀራ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሆናል። በኢራን፣ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነፍሰ ጡሮች ቁርኣን ሲያዳምጡ ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ጥናቶቹ ብዙዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ የእኛ እህቶች ከሚናገሩት ጋር ግን ይስማማሉ።

ዓረብኛውን አንሰማም የምትሉ አላችሁ። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ከታተመ ከ1961 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የምታነብ ልጅ ካለች ትርጉሙን ታንብብላችሁ። በተለይ 19ኛውን፣ ሱረቱ መርየምን። መርየም ምጥ ሲይዛት ብቻዋን ናት፤ የቴምር ግንድ ተደግፋ ምነው ቀድሜ በሞትኩ እስክትል ትጨነቃለች። ያን ጊዜ እንዳታዝን የሚነግራት ድምፅ ይመጣል። እኛን ሁልጊዜ የሚገርመን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ድምፁ አጽናንቷት ብቻ አልሄደም፤ ከሥሯ የሚፈሰውን ውሃ አመላከታት፣ ግንዱን ወዝውዢ ብሎ የምትበላውን ቴምር አሳያት።

ይህን የምናነሳው አለ ምክንያት አይደለም። በየቤቱ አንድ ልማድ አይተናል። ልጅቷ ከፋኝ ስትል፣ “ሂጂ ቁርኣን አዳምጪ” ይባልና ነገሩ ይዘጋል። እንስራው ያው፣ ወፍጮው ያው፣ እንጨቱ ያው። ሱረቱ ዩሱፍን ስሚ፣ ልጅሽ ቆንጆ ይሆናል የሚሉም አሉ፤ ለቁንጅናው ዋስትና የለንም፣ እናቲቱን ግን ግማሽ ሰዓት ማንም ሳይጠራት ተቀምጣ እንድትሰማ ብትተዉላት ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ስልኩንም ሆዷ ላይ መለጠፍ አያስፈልግም። ፅንስ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ መስማት ይጀምራል፣ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው ደግሞ የእናቱ ድምፅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 ነፍሰ ጡሮች 1 ያህሏን የአእምሮ ሕመም ያገኛታል፤ አብዛኛውም ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 16 ከመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ቡና ላይ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ጀምረናል፦ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሻል? ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት ወይም መኖር ሰለቸኝ ካለች ከእኛ አንዷ ተከትላት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ደም ከታየ፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ዓይን ካደበዘዘ፣ የሽሉ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ቂራአቱም ቡናውም ቆሞ በዚያችው ሰዓት መንገድ ይጀመራል። ከስማዳ ቆላ፣ ከበሽሎ ዳር ተነስቶ ሐኪም ዘንድ መድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ።

ክርስቲያን እህቶቻችን ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። እናንተም ውዳሴ ማርያም ስትሰሙ ልባችሁ ያርፋል፤ ከበሽሎ ማዶ ወሎ ደግሞ ሙስሊሟም ምጥ ላይ ማርያምን ስትጣራ እንሰማለን። እናቶች ማቆያ አንድ ክፍል ውስጥ ስንተኛ የጆሮ ማዳመጫ የምንይዘውም አንዳችን ሌላዋን እንዳንረብሽ ነው።

ደጋፊዎቻችን ገንዘባችን ለሃይማኖት ሥራ ይውላል ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። አይውልም። ሚሞሪ ካርዱን የምንገዛው ከራሳችን መዋጮ ነው። የእናንተ ድጋፍ ስልክ ቻርጅ የምናደርግበትን ሶላርና ለወላድ መጓጓዣ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ነው የሸፈነው፤ ያ ደግሞ ለሁላችንም ነው።

የሚቀጥለው ቡና እስቴ ላይ ነው። ድርስ ከሆኑት እህቶቻችን አንዷ ማቆያ ስትገባ የጆሮ ማዳመጫዋን እዚህ ረስታ ሄዳለች፤ ነገ ወደ ወገዳ የምትሄዱ ካላችሁ ከጸሐፊያችን ተቀብላችሁ አድርሱላት።