ዘበኛ ያለው ቫሪያብል
(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ በየካ አባዶ የተደረገ ንግግር)

የታክሲውን ሰልፍ ችላችሁ እኛ ሰፈር ድረስ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

አዘጋጆቹ ስለ ሙያህ አጭር ነገር በል ስላሉኝ፣ ስለ ፐርል ላውራ። ፐርል ሞቷል የምትሉ አላችሁ፤ በእኛ ብሎክ ግን አለ። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የሚመዘገብበትን ፕሮግራም ከዓመታት በፊት አንድ ጎረቤት በፐርል ጽፎት ሄዷል። በ2017 መጀመሪያ ላይ ኮሚቴው የ2016 ባለዕዳዎችን ስም ደረጃው ሥር ሲለጥፍ፣ የአንዲት እናት ስም አብሮ ተለጠፈ። እማማ ደረሰኛቸውን ይዘው ወረዱ። ከፍለዋል እኮ! ሰው እያየ ባለዕዳ መባል ቀላል አይደለም፤ ፕሮግራሙን እንዳየው ተጠራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው ጳጉሜ 5ን ጳጉሜ 6 ብሎ መዝግቦታል። ጳጉሜ 6 የሚሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ ነው፣ እንደ 2015። ፕሮግራሙ ግን ዝም ብሎ አንድ ቀን ወደፊት ቆጠረና ክፍያውን መስከረም 1፣ 2017 ላይ ጣለው። ቀኑን የሚፈትሽ ኮድ አልነበረም እንዳትሉ፤ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ አለ። ከኤክሴል ሲጫንና እርማት ሲገባ ግን የለም።

ሦስቱም መንገዶች ቀኑን የሚያስቀምጡት በአንድ ቫሪያብል ላይ ነው። ፍተሻውን ሦስት ቦታ መገልበጥ ይቻል ነበር፤ አራተኛ መንገድ ሲከፈት ግን ያው ነው። ፐርል ከ5ኛው እትም፣ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ታይ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ቫሪያብልን ከክላስ ጋር ያስራል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ስትሰጡት የክላሱ «ስቶር»፣ ስታነቡት «ፌች» ይጠራል። የቀረው ኮድ ያው የእኩል ምልክት ነው፤ አንድ መስመር አይነካም። ስቶር ውስጥ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ 3 ካልቀረ ጳጉሜ 6ን እንዲመልስ ጻፍኩ። በቃ። በብሎካችን በር ላይ እንደሚቆመው ዘበኛ፣ ከየትም ይምጣ ሁሉም በእሱ ያልፋል።

ፓይተን የምታስተምሩ መምህራን፣ እናንተ ዘንድ ዴስክሪፕተርና ፕሮፐርቲ አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው በኦብጀክት ላይ ባለ ስም እንጂ በተራ ቫሪያብል ላይ አይደለም። ለእኔ ይሄ የተሻለ ነው። የፐርሉ አይታይም፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው ተራ ምደባ መስሎት ያልፈዋል። ለዚህ ነው ከመስመሩ በላይ በአማርኛ ማስታወሻ የተውኩት። ፍጥነትም ይቀንሳል፤ ለመዋጮ ግን ማን ይጨነቃል?

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። በሐምሌ 2014 ለ25,791 የኮንዶሚኒየም ቤቶች የወጣው ዕጣ በቀናት ውስጥ ተሰርዟል፤ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ገብቷል ተብሎ። ያኔ «ጥሩ ኮድ ቢኖር ኖሮ» ያሉ ባልደረቦች ነበሩኝ። አልስማማም። ስቶር የተሳሳተውን ጸሐፊ ይመልሳል፤ ኮዱን የመቀየር ሥልጣን ያለው ሰው ግን ዘበኛውንም ያሰናብታል። ለእሱ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግብ፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ መዝገብ። እኛ ብሎክ ውስጥ የዚያ ቅጂ አሁን እማማ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ በየወሩ ታትሞ ይሰጣቸዋል።