ከሱባ ደን ምን ይዘን ተመለስን?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ምክንያት ጀሞ ላይ በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ከአንዲት የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

 የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ጉዳዬ ዛፍ ነው። ዛፍ ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አለኝ። ባለፈው ዓመት ችግኝ አምጥቼ አከፋፍዬአችሁ ነበር። የደረሰኝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ዝናብ ሲቀረው ነው። ዘግይቷል ብዬ መመለስ ሲገባኝ የዕቅድ ቁጥር እንዳይጎድል ስል አስተከልኳችሁ። ጥቅምት ላይ ዞሬ ስመለከት አብዛኛው ደርቋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንድ አባት «ልጄ፣ እኛ እኮ የተከልነው ጉድጓድ ብቻ ነው» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረውን ሁሉ ይህን እያስታወሳችሁ ስሙኝ።

እንደሚታወቀው ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ድምፅ የሚሰጥበት አንድ ሐሳብ ቀርቧል። የጋራ ተዳፋት መሬታችንና የየእርሻው ድንበር በሙሉ ባሕር ዛፍ ይተከልበት የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት አባላት ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ገንዘብ ይሆናል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። የዚህ የጀሞ ፎቅ ሁሉ ሲሠራ ግንበኛው የቆመበት መወጣጫ ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ባይገባ ኖሮ አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ እጦት በአዲስ ዓለም ትተካ ነበር ይባላል። እኔ ባሕር ዛፍን ለመራገም አልቆምኩም፤ የትምህርት ቤት ደብተሬ የተገዛው በእሱ ነው። ቢሆንም ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ባለፈው ወር ሃያ ሦስት ሆነን ወደ ሱባ ደን ሄደን ያየነውን ላካፍላችሁ እፈልጋለሁ።

ከጀሞ ተነስተን በዓለም ገና ሰበታ፣ ከሰበታ ወደ ቀኝ ታጥፈን ወደ ወጨጫ ተራራ ነው የሄድነው። መንገዱ ያነጥራል፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ወገባቸውን ይዘው ነው የወረዱት። ደኑ ሲደረስ ግን ዝም ያላለ ሰው አልነበረም። የመናገሻ ሱባ ደን ከአገራችን አንጋፋ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። በታሪክ እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውበታል። ከታች ጽዱ (በኦሮምኛ ጋቲራ የምንለው)፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶው፣ ከዚያ በላይ አስታው፣ ጫፉ ላይ ጅባራው። አንዱን ጽድ ለሦስት ተያይዘን ነው ያቀፍነው። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው እንደ ነጠላ ዘርፍ ይወናጨፋል።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ሰዎቹን የወሰድኳቸው ወደ ላይ እንዲያዩ አልነበረም። ወደ ታች እንዲያዩ ነው።

አንድ የሃይላንድ ውሃ ይዤ ነበር። መጀመሪያ መኪና በሚመላለስበት፣ ራቁቱን በቀረው መንገድ ዳር ግማሹን አፈሰስኩት። ውሃው ቀይ ሆኖ ቁልቁል ሄደ። ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ደኑ ገብተን፣ ተዳፋቱ በማይተናነስበት ቦታ ቀሪውን ግማሽ አፈሰስኩ። ውሃው አልሄደም፤ ባለበት ሰመጠ። አንዲት እናት «ጠጣው እኮ!» አሉ። እጄን ሰድጄ ገለጥኩት። ከላይ የዘንድሮ ቅጠልና ጭራሮ፤ ከሥሩ የአምና ቅጠል፣ ጫፉ የተበላና ነጭ ሻጋታ የያዘው፤ ከዚያ በታች ቅጠል ይሁን አፈር የማይለይ ጥቁር ነገር፤ ከዚያ እንደ ፍርፍር የሚበታተን አፈር። ትሉ፣ ምስጡ፣ ስሙን የማላውቀው ነፍሳት ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። ቅድም ስለ ጉድጓድ የነገሩኝ አባት እፍኝ አንስተው አሸተቱና «ይህ የእናቴ የጓሮ አፈር ሽታ ነው፤ ዱሮ የጎመን መደቧ እንዲህ ይሸት ነበር» አሉ።

እንግዲህ ለዚያ ደን ኤንፒኤስ የሚያቀርብለት ዩኒየን የለም። ዩሪያ በብድር አይወስድም። ያን የሚያህል ዛፍ የሚያቆመው ከራሱ ላይ የወደቀው ቅጠል ባለበት ስለቀረ ነው። ሥሩ ከጥልቅ የሳበውን ንጥረ ነገር ቅጠል አድርጎ ያወጣዋል፤ ቅጠሉ ወድቆ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውን ሥሩ መልሶ ይወስደዋል።

የእኛስ ቅጠል የት ይገባል? እናቴ ቅጠል ጠራጊ ነበረች። ከባሕር ዛፍ ሥር ጠርጋ፣ በገመድ አስራ፣ ጎንበስ ብላ ተሸክማ ትመጣ ነበር፤ እኔ ከኋላ የወደቀውን እለቅማለሁ። ለእንጀራ ምጣድ የቅጠል እሳትን የመሰለ የለም፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ምጣዱን እኩል ያግለዋል። እሷን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ በዚያ ቅጠል በተጋገረ እንጀራ ነው ያደግኩት። ግን የሆነውን እናውራ ከተባለ ከዛፉ ሥር ቅጠሉን ጠረግን፣ ከማሳው ገለባውን ለከብት ሰበሰብን፣ ከከብቱ ደግሞ እበቱን ኩበት አድርገን አነደድን። መሬቱ የሚመለስለት የለም። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ ሲነካ ሁላችንም ጮህን። ጩኸታችን ትክክል ነበር። ነገር ግን ከምድጃው የምናወጣው አመድ ከእበቱ የቀረው ጥቂቱ ነው፤ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ሄዷል። (ኮንዶሚኒየም የገቡ ልጆቻችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሚጋግሩ የአትክልት ልጣጫቸው እንኳ በፌስታል ተቋጥሮ ይጣላል። ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ብታዩ የኮምፖስት ጉድጓድ የሚሞላ ነገር በየቀኑ ይጫናል። እሱን ሌላ ቀን እናነሳዋለን።)

አሁን ትንሽ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ይኖራል። በገና ሰሞን ወደ ገጠር ወጥቶ በጫካ ውስጥ ሲዘዋወር ያነሳውን ፎቶግራፍ በስልክ ላከልን። ትልልቅ ዛፎች ናቸው፤ አንዲት ቅጠል የላቸውም። እናቴ ዓይታ ደነገጠች፤ «ምን እሳት ነው የበላው?» አለች። እሳት አልነበረም። የዚያ አገር የኦክና የቢች ዛፎች መኸራቸው ሲገባ፣ ማለትም በእኛ ጥቅምትና ኅዳር፣ ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲጠና ከቅጠላቸው የሚጠቅማቸውን ወደ ግንዳቸው ይመልሳሉ፤ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ይሆንና ይረግፋል። ክረምታቸውን ራቁታቸውን ቆመው ያሳልፋሉ። እኛ በገበሬ ቋንቋ ብንለው ወጪያቸውን ይቀንሳሉ።

ሚያዝያ ላይ ያው ልጅ ከዚያው ጫካ ሌላ ፎቶ ላከ። ዛፎቹ ገና ማቆጥቆጣቸው ነው፤ ከሥራቸው ያለው መሬት ግን በሰማያዊ አበባ ተሸፍኗል፤ ደወል የምትመስል አበባ ናት። ዛፉ ቅጠሉን ዘርግቶ ጣሪያውን ከመዝጋቱ በፊት ፀሐይዋን ተሻምታ፣ አብባ፣ ለከርሞ የሚሆናትን በሥሯ አስቀምጣ ትጨርሳለች። ጥላው ሲመጣ እሷ ሥራዋን ጨርሳለች። ይህን ሳይ እኔን የታየኝ አበባው አይደለም፤ ጤፍና ስንዴ ነው።

እናንተ ዛፍ ከእርሻ ውስጥ የምትነቅሉት ለምንድን ነው? ጥላው ሰብሉን ስለሚያቀጭጨው ነው። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ቢኖርስ? በአገራችን ቅጠል የሚያራግፈው ብርድ ሳይሆን ድርቀት ነው። ኮርች በበጋ ቅጠሉን ጥሎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። ዋንዛም (ወዴሳ) በበጋ ቅጠል ይጥላል። አንድ ዛፍ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ግራር ስንል ብዙ ዓይነት ስላለ እንዳንሳሳት፤ እኔ የምለው በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለውን፣ ፍሬው ብርቱካንማ ሆኖ እንደ ደረቀ ልጣጭ የሚጠቀለለውን ነው። ይህ ዛፍ በበጋ ሁሉ ሲደርቅ ለምልሞ ይቆማል፤ ከብት ከጥላው ሥር ያርፋል፣ ፍሬውንም ይበላል። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ይጥላል። እናንተ ስትዘሩ እሱ ራቁቱን ነው፤ ፀሐዩን አይሻማችሁም፤ የጣለው ቅጠል ደግሞ ከዝናቡ ጋር ይበሰብሳል። ሥሩ ላይ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኝ ዛፍ መሆኑም ይታወቃል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ያለፋችሁ ሁሉ በጤፍና በስንዴ ማሳ መካከል ተራርቀው የቆሙትን ዛፎች አይታችኋል፤ ገበሬው በማረሻው ዙሪያውን እየዞረ የሚያርሰው በስንፍና አይደለም። በሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ከዛፉ ሥር የበቀለ በቆሎ ከዛፉ ውጭ ካለው በ76 በመቶ፣ ማሽላ ደግሞ በ36 በመቶ ብልጫ ምርት መስጠቱን መዝግቧል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ብልጫ ውስጥ ከብቱ ከጥላው ሥር የሚጥለው እበትም ድርሻ አለው። ደግሞም ቶሎ አይደርስም። ማሳ የሚያለማ ዛፍ እስኪሆን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ባሕር ዛፉ በዚያ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ተሸጧል። ይህን የምደብቃችሁ ብሆን ከጉድጓዱ ጊዜ ምንም አልተማርኩም ማለት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህን ነው። የተዳፋቱ የላይኛው ክፍል ድንጋያማ ስለሆነና ሰብል ስለማይዘራበት ባሕር ዛፍ ይተከልበት፤ ማኅበሩ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የእርሻ ድንበሮች ግን ባሕር ዛፍ አይግባባቸው። ውሃውን ይሻማል፣ ቅጠሉም ቶሎ የማይበሰብስና ከሥሩ ያለውን ሰብል የሚያቀጭጭ ነው፤ ከባሕር ዛፍ አጠገብ ያለው ትልም ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። በድንበሩ ላይ ኮርች ይተከል፤ ከግንዱ ተቆርጦ ሲተከል ይይዛል፣ አጥርም ይሆናል፣ ቅጠሉ ለኮምፖስት ነው። በማሳው ውስጥ ደግሞ ፈቃደኛ የሆነ አባል ተራርቀው የሚቆሙ ጥቂት ገርቢዎች ይትከል። ሁሉም ይትከል አልልም። ሱባ አብረውኝ ከሄዱት መካከል ዘጠኙ ስማቸውን ሰጥተውኛል፤ የመጀመሪያው ሰው የጉድጓዱ አባት ናቸው። «ፍሬውን የልጅ ልጄ ያየዋል» ብለው ነው የተመዘገቡት።

የሥራ ኃላፊዎችም ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዘንድሮ ችግኝ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ከመጣ አልረከብም። ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ጎድሎ ይታያል፤ የጎደለበትን ምክንያት በፊርማዬ እጽፋለሁ። ለዚህ እንዳንዳረግ የገርቢውን ችግኝ ራሳችን እናፍላ ብለናል። ሥሩ ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ረዘም ያለ ፕላስቲክ ይፈልጋል፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ካልተዘራ ለሐምሌ አይደርስም።

ፍሬው ከበሩ አጠገብ በካርቶን ተቀምጧል፤ ስትወጡ መውሰድ ትችላላችሁ። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ተኝቶ ይቀራል። ውሃ አፍሉና ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ዘሩን ጨምሩበት፤ እየቀዘቀዘ ይደር። ጠዋት ያበጠውን ዝሩ፣ ያላበጠውን ማታ ድገሙት። ከልጆች ደብቁት እንጂ ከከብቶቹ ባትደብቁትም ግድ የለም፤ እነሱ ቀድመውን ያውቁታል።