ድምፅ በቀዳዳ ይገባል

(የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናነሣው የጩኸትን ጉዳይ ነው። እንደሚታወቀው አውበሬ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅጅጋ ወደ ቦረማ የሚሄደውም ከዚያ የሚመጣውም መኪና በመካከላችን ያልፋል። ወፍጮው አለ፣ ጄኔሬተሩ አለ፣ ባጃጁ አለ። ይህ ሁሉ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ ይጥፋ አንልም። ነገር ግን እንቅልፍና ትምህርትም እንደ እንጀራ ያስፈልጋሉ።

ባለፈው ዓመት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ አንድ አባት ወደ ማኅበራችን መጡ። ልጃቸው ለ8ኛ ክፍል ፈተና ትዘጋጃለች፤ ወፍጮው እስከ ማታ ስለሚሠራ ማጥናት አልቻለችም። «ጅጅጋ ዘመድ ቤት ልሰዳት ነው» አሉን። ባለ ወፍጮውን ብናነጋግራቸው ደግሞ «ታዲያ እንጀራዬን ልዝጋላችሁ?» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ስንት ዘመን አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ሰላምታ እስከ መከልከል ደረሱ። እኛን ያሳሰበንም ይኸው ነው።

አባትየው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ገዝተው ግድግዳውን ከውስጥ ሸፍነውት ነበር። ገንዘቡ ወጣ፣ ጩኸቱ ግን ያው ሆነ። ለምን ቢባል፣ ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው። ቀላል ነገር ድምፅ ሲመታው አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁንም ወደ ውስጥ ያሳልፋል። አቃል ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እንጨትና ምንጣፍ ነፋስና ፀሐይ ይከለክላል፣ ወሬ ግን አይከለክልም።

እኛም መጀመሪያ ጥፋቱ የግድግዳው መሳሳት መስሎን ሌላ ግድግዳ ይሠራ ልንል ነበር። ከዚህ ስሕተት ያዳነን አንድ የሰፈራችን ግንበኛ ነው። በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ውስጥ አስገብቶን በርና መስኮቱን ዘጋና «አሁን ብርሃን የሚገባው በየት ነው?» አለን። ቀና ስንል ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ይገባል። በበሩ ሥርም እንዲሁ። «ብርሃን የገባበት ሁሉ ድምፅም ይገባበታል» አለን።

ነገሩ በቁጥርም ይታያል። 4 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ግድግዳ ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር ነው። ከበላዩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ከዳር እስከ ዳር ብትተዉ ከመቶ አንድ እጅ መሆኑ ነው። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከመቶ አንድ እጁ ክፍት የሆነ ግድግዳ፣ የቀረው ድንጋይ ቢሆን እንኳ፣ ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊቀንስ አይችልም። ዴሲቤል የድምፅ መለኪያ ነው፤ ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሯችን በግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስለዋል። የግድግዳውን ክብደት እጥፍ ብናደርገው የምናተርፈው ደግሞ 5 ወይም 6 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሳይደፈን ግድግዳ ማወፈር ገንዘብ መበተን ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል እንላለን።

1ኛ. ቀዳዳ መድፈን። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት በድንጋይና ጭድ በገባበት ጭቃ፣ አቅም ካለም በሲሚንቶ ይደፈን። ለበርና ለመስኮት ጠርዝ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ቢመታ በደንብ ይገጥማል።

2ኛ. መለሰን። ብሎኬት ጠንካራ ቢመስልም ያልተለሰነ ከሆነ በመጋጠሚያውና በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ድምፅ ያሳልፋል። ሁለቱም ወገን ይለሰን። የጭቃ ቤት ያለውም አይፈር። በደንብ የተመረገ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከባድ ስለሆነ ከቆርቆሮ ግድግዳ በብዙ ይሻላል።

3ኛ. የጋራ ግድግዳ። ተያይዘው በተሠሩ ክፍሎች መካከለኛው ግድግዳ ኮርኒሱ ላይ ከቆመ የጎረቤት ወሬ በላይ በኩል ዞሮ ይመጣል። ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ይድረስ።

ሁለት ነገር ግን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ክፍተት ሲደፈን አየርም ይቀንሳል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃም ሆነ ዕጣን የምናጨስበት ዳብቃድ ይዞ መተኛት ይገድላል፤ የከሰሉ መርዝ ሽታም ስለሌለው አይታወቅም። ስለሆነም ጩኸት ያለበት ወገን ይደፈን፣ በሌላው ወገን መስኮት ይኑር፣ ከሰልም ውጭ ይቅር። ሁለተኛ፣ ስፖንጅ ቶሎ ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው፤ ግድግዳ ላይ አትለጥፉት።

ሸክሙ በሚሰማው ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ባለ ሀብት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ጩኸት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የአገራችን የአካባቢ ደረጃም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ሁለት ሰዎች ቀርበው ተራ ወሬ ሲያወሩ 60 ያህል ነውና ልኩን ከዚህ ገምቱ። እኛ ግን ሕጉን ይዘን ወደ ፍርድ ቤት አልሮጥንም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ባለ ወፍጮው በሞተሩ ሥር ወፍራም ጎማ አስገቡ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ለውጠው አፉን ወደ መንገዱ አዞሩ፣ ሥራም ከመግሪብ በፊት ሊያቆሙ ቃል ገቡ። አባትየው ጭድና ሲሚንቶ ገዙ። ወጣቶቻችን ጭቃ ረገጡ።

ወፍጮው ዛሬ አይሰማም ወይ? ይሰማል፤ ውሸት አንነግራችሁም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሰው ሳይጮህ ይነጋገራል። ልጅቷም ከቤቷ ሳትወጣ አጥንታ ተፈተነች። ሁለቱ ጎረቤቶችም ሰላም ይባባላሉ።

ስለዚህ ውድ ነዋሪዎች፣ ማኅበራችን የሚለምናችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቀን ላይ በራችሁን ዘግታችሁ ብርሃን የሚገባበትን እንድታዩ ነው። ችግሩ ከጎረቤት ከሆነም ቂም ከመያዛችሁ በፊት ንገሩን። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በትምህርት ቤቱ በኩል ካሉት ሦስት ቤቶች ሥራ እንጀምራለን። አካፋ ያለው አካፋ፣ ባልዲ ያለው ባልዲ ይዞ ይምጣ። የሌለው በጉልበቱ ይርዳን።