ገመዱ ሲወጠር

እሷ፦ ከመሃል ከተማ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ በወረድኩ ቁጥር አስባለሁ፤ በሐዋሳ ሐይቅ ሰው በሞተር ጀልባ እየተጎተተ በውኃ ላይ ቢንሸራተት ደኅንነቱን ማን ይጠብቃል?

እሱ፦ ሁለተኛ ሰው ነዋ፣ እህቴ። ነጂው ፊት ፊቱን ያያል፣ ሌላው ዞሮ ተጎታቹን ብቻ ይከታተላል። ሞተሩ ስለሚጮህ በእጅ ነው የሚግባቡት፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ‘ጨምር’፣ ወደ ታች ‘ቀንስ’።

እሷ፦ ከወደቀስ?

እሱ፦ በዝግታ ተጠግቶ ሞተሩን ማጥፋት! የሚሽከረከር ፕሮፔለር እግር ይቆርጣል። የሕይወት አድን ጃኬትም ዋና ለሚችለው ጭምር ግድ ነው።

እሷ፦ የእኛ ሐይቅ ደግሞ ጉማሬ አለበት፤ የአሣ አጥማጆች መረብም።

እሱ፦ ስፖርቱ በፈረንጆች 1922 የተጀመረበት የአሜሪካው ፔፒን ሐይቅ ጉማሬ የለበትም። እዚህ ግን ከሸምበቆው መራቅ፣ መረቡ የት እንደተጣለ አስቀድሞ አሣ አጥማጆቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።